በምን ተያዘ?

ወፏን ያየኋት ልብስ አጥቤ ልጨርስ ስል ነው። ከማጥብበት ድንጋይ ትንሽ ወረድ ብሎ ውኃው እንደ ኩሬ ረጋ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ያቺ ዓሣ የምትለቅመው ሰማያዊ ወፍ ክንፏን ዘርግታ ወድቃለች። ሞታለች። ጣት የምታህል ዓሣ በመንቆሯ እንደያዘች ነው የቀረችው፤ ለመዋጥ እንኳ አልደረሰችም።

እጄ ላይ የነበረውን ቀሚስ ውኃው ይዞት ሄደ። አልተከተልኩትም።

ጠዋት ወደ ወንዝ ስወርድ የጎረቤቴን ልጅ ረመዳንን መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። ጎረምሳ ነው፤ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ ነዳጅ ሲጠፋ ወንዝ ዳር መዋል ጀምሯል። በማዳበሪያ ከረጢት ዓሣ አዝሎ ሲወጣ፣ «እማ ሃዋ፣ ለልጆችሽ ጥቂት ቤት አደርስልሻለሁ» አለኝ። እኔም መረቅሁት። «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ዘይነብ ቤት አለች፣ ለሷ ስጣት» አልኩት። ዘይነብ ትልቋ ልጄ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው። ከሷ በታች ያሉት ሁለቱ ደግሞ ዓሣ ሲጠበስ ከምድጃው ሥር አይነሱም። ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁ። ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው። ስልኬ ቤት ቻርጅ ላይ ነው።

ልብሱን እንደተዘፈዘፈ ትቼ ዳገቱን ተያያዝኩት።

አንዲት የሞተች ወፍ ብታይ ሴትዮዋን ምን አስሮጣት የሚል ይኖራል። እኔን ያስሮጠችኝ ወፏ ብቻ አይደለችም። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ የሞተ ወፍ በእጇ ይዛ ወደ ግቢያችን የገባች ሴት አለች። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። እግሬ ወደ ቤት ሲወጣ ሐሳቤ ወደ ዳቡስ ወረደ።

ያኔ የአሥራ ስድስት ወይ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያደግሁት ዳቡስ ወንዝ ዳር፣ አጎቴ ባቢከር ቤት ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አማርኛ ያስተማረኝ ማንጎ ነው ብል አልዋሸሁም። ባምባሲ ገበያ ማንጎ ስሸጥ፣ ከሰፋሪዎቹ ሴቶች ጋር በዋጋ ስንከራከር ነው ምላሴ የተፈታው። ቤታችን ውስጥ የምንናገረው የራሳችንን ቋንቋ ነው፤ አጎቴ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁሉም ሰው ለሱ «አንተ» ነው።

በጋው ሊያልቅ ነው። የተቃጠለው ሣር ሽታ ገና ከአየሩ አልጠፋም፤ የቀርቀሃው ቅጠል ደርቆ ነፋስ ሲነካው እንደ ዝናብ ይንሿሿል፣ ዝናብ ግን የለም። ወንዙ ቀጥኖ ድንጋዮቹ ጀርባቸውን አውጥተዋል። የመጀመሪያዎቹ ማንጎዎች መውደቅ ጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ነው አንዲት መኪና አቧራ እያስነሳች የመጣችው፤ ከመኪናዋም አንዲት ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች፣ የላስቲክ ቦቲ ያደረገች ሴት ወረደች። ስሟ ትርንጎ ይባላል። የዓሣ ባለሙያ ናት። ጣና ዳር ተወልዳ ያደገች ናት፤ የሰው አገር ውኃ ግን እንደ ሰው ቤት አይታ ነው የምትገባው፣ ቀስ ብላ።

የመጣችበት ጉዳይ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ከመንደራችን በላይ ወንዙ ጠመዝማዛ ላይ ሰፊ የደንገል ረግረግ አለ። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጉማሬው የሚተኛው፣ ትልልቆቹ ኤሊዎች የሚወጡት እዚያ ነው። መንግሥት ቦታውን ሊከልለው ነው ተባለ፤ ከዚያ በፊት ግን እኛ ዓሣ የምንይዝባቸው ዘዴዎች የትኞቹ ረግረጉን እንደሚጎዱ፣ የትኞቹ እንደማይጎዱ መታየት አለበት። ሰዉ የሰማው «መንግሥት ሊከልለው ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ዓሣ ከተከለከለ ደግሞ ክረምት እስኪገባ በምን እንኑር?

አጎቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ መረቡን እየጠገነ ጠበቃት።

«አንተ ዓሣ ልትከለክል ነው የመጣኸው?» አላት።

ትርንጎ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሾፌሩን አየች። እሱን የሚጠይቀው መስሏት ነው። ከዚያ ገባትና ሳቀች።

«አይ አባባ፣ እኔስ ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

«መቁጠር የመከልከል ወንድም ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለችው፣ ጫማዋን አውልቃ ከጎኑ መሬት ላይ እየተቀመጠች። «ሳይቆጥር የሚከለክል ሰው ከመጣባችሁ ግን እሱ ይብሳል።»

አጎቴ ወደ እኔ አገጩን ቀና አድርጎ፣ «ይሄ ሃዋ ነው። እንደ ሬዲዮ ያወራል። ይዘኸው ሂድ» አላት። እንደዚያ ነው አስተርጓሚ የሆንኩት።

ሴት ሥራ ስትሠራ አይቼ አውቃለሁ፤ እናቶቻችን ከፀሐይ በፊት ነው የሚነሱት። እንደ ትርንጎ ሥራዋን የምትወድ ግን አላየሁም። ማለዳ ጀልባና መረብ ሲመለስ ወንዙ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ሰላምታዋ እንኳ ከሰው የተለየ ነው። «እንዴት አደራችሁ» ትልና ወዲያው፣ «በምን ተያዘ?» ትላለች። ስንት ያዛችሁ አትልም፤ ያንን እዚያው ታየዋለች። በምን? በመንጠቆ? በቅርጫት? በመረብ? የመረቡ ዓይን ስፋቱ ምን ያህል ነው? የት ተጣለ፣ መቼ ወጣ? እኔ ወደ ቋንቋችን እመልሳለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። ሳምንት ሳይሞላ ስም ወጣላት። ፊት ለፊት «ኡስታዛ»፣ አስተማሪዋ፣ ይሏታል፣ ከጀርባዋ ደግሞ «በምን» ናት። «ያ ሃዋ፣ በምን የት አለች?» ይሉኛል።

ተቆጥታ አላየኋትም። አንድ ጠዋት ወጣቶቹ በአልጋ አጎበር ጠርገው ያመጡትን ዓሣ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችው። የጥፍር ቁራጭ የሚያህሉ ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ከጎኑ አጎቴ በመንጠቆ የያዘውን አንድ ትልቅ አምባዛ አስተኛችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር ሻይዋን ጠጣች። ሰዉ እየመጣ ጨርቁን ያያል፣ አምባዛውን ያያል፣ እንደገና ጨርቁን ያያል። በመጨረሻ አንዱ፣ «ይሄ ሁሉ አምባዛ ሊሆን ነበር?» አለ።

«ሁሉም አይሆንም፤ ጥቂቱ ይሆን ነበር» አለች። የማታውቀውን አታጋንንም፣ ይሄንን ወድጄላታለሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሳይታይ በቆየ መረብ ውስጥ አንዲት ትልቅ ኤሊ ተጠላልፋ ሞታ ወጣች። እኛ መረቡን ቆርጠን እንጥላለን ስንል እሷ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቧ ቆማ፣ የሕፃን ፀጉር እንደምትፈታ እናት ክሩን አንድ በአንድ ፈታችው። መረቡም ዳነ። «ኤሊ ለመተንፈስ መውጣት አለባት፤ መረቡ ቶሎ ቶሎ ቢታይ በሕይወት ታገኟት ነበር» አለች። ይህን ስትል ፊቷን አየሁት። አዝናለች። ለኤሊ የሚያዝን ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ መጀመሪያ ልስቅ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ብዙ ያስጠየቃት ግን ደዋ ነው። ደዋ በእኛ መድኃኒት ማለት ነው። የራስ ምታት ኪኒን ደዋ ነው። ለሆድ ቁርጠት የሚቀቀለው ሥር ደዋ ነው። ወንዙ ሲቀጥን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠን ውኃ ውስጥ የምንበትነውም ደዋ ነው። ብርብራው ዓሣውን ያሰክረዋል፤ አፉን እየከፈተ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሴቱም ልጁም ቅርጫት ይዞ ይለቅማል። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲበላ የኖረ ነው፣ ማንንም አልነካም። ሰዎቹ «በደዋ ነው የያዝነው» ሲሉኝ እኔ «በመድኃኒት ነው» እያልኩ እነግራታለሁ። አማርኛውም ቢሆን ያው ነው፤ የሚያድነውንም የሚገድለውንም «መድኃኒት» ሲል ይውላል።

ብርብራ ሲበተን ትርንጎ ከእኛ ጋር ውኃው ውስጥ ገባች። እኛ ዓሣ ስንለቅም እሷ ውኃውን ተከትላ ወደ ታች ሄደች፣ ደንገሉ እስኪጀምር ድረስ። ስትመለስ፣ «ትልቁን እናንተ ለቀማችሁ፤ ትንሹን ማን ይለቅመዋል? ሞቶ ደንገሉ ውስጥ ገብቷል» አለች። እንቁራሪቶቹን አየች፣ ወፎቹን አየች። ወፎቹ የሰከረውን ዓሣ እየበሉ ደህና ናቸው። ይህን ሁሉ ስታይ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንድ ነገር ሳይጎዳ ሲቀርም ልብ ትላለች።

ከዚያ የአጣሂር ሠርግ መጣ። አጣሂር የአጎቴ የበኩር ልጅ ነው፤ ቸኩሎ የሚስቅ፣ ቸኩሎ የሚያፍር ሰው። በሠርጉ ዋዜማ ብቻውን ወደ ላይኛው ኩሬ ወጥቶ ዓሣ በአህያ ጭኖ ገባ። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ እንደ ማንጎ ተከመረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወዲያው ሦስት ትልልቅ ድስት ተጣደ፤ ባሚያው ተወቀጠ፣ የማሽላው ገንፎ ተጀመረ። ልጆች ድስቱን ከበቡ። እኔ ራሴ ሽንኩርት ከታፊ ነበርኩ፤ ዘይቱ ሲንጫጫ ሆዴ አብሮት ይጮኻል።

ትርንጎ ከረግረጉ ወደ እኛ ስትመጣ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በአንድ እጇ አንድ ነጭ ረጅም አንገት ያለው ወፍ በእግሩ አንጠልጥላለች።

«ወላሂ፣ ዛሬ ኡስታዛ ወፍ አጠመደች!» አለ አንዱ። ግቢው ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «አጣሂር፣ በምን ተያዘ?» አለች።

«በደዋ!» አለ እሱ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«በመድኃኒት ነው» አልኳት፣ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ።

«የትኛው መድኃኒት?»

ጠየቅሁት። «ደዋ ደዋ ነው፣ ሌላ ምን አለ?» አለ። እንዳለው ተረጎምኩት።

ትርንጎ ብርብራ ወደሚወቀጥበት ሙቀጫ ሄደች። እጇን ከታች ሰደደች፤ ደረቅ ነው፣ የብርብራ ልጣጭ የለበትም። ዙሪያውንም አየች፤ የትም የለም። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

«ሃዋ፣ ብርብራ ወፍ አይገድልም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይሄ ወፍ ከዚያ ኩሬ የበላ ነው። ንገሪልኝ፤ ማንም እንዳይቀምስ።»

ነገርኩ። ድምፄ ግን ገና የአስተርጓሚ ድምፅ ነው፤ ማን ሰማኝ? ሠርግ ነው፣ ዓሣው ቀይ ሆኖ እየተጠበሰ ነው፣ እንግዳ ሴት መጥታ አትብሉ ትላለች። አንዷ አክስቴ፣ «ይኸው! ክልከላው ከድስት ጀመረ» አለች። ሰዉ እንደገና ሳቀ፣ ይሄኛው ሳቅ ግን ጥርስ ነበረው። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ከሳህን ላይ ቁራጭ አንስታ ወደ አፏ ስታስጠጋ ትርንጎ እጇን ያዘቻት። ያዘቻት ብቻ፣ አልነጠቀቻትም። ከዚያ ያንን ቁራጭ ከልጅቷ እጅ ተቀብላ ሁሉም እያያት በራሷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አጣሂር» አለች፣ «ደዋው የመጣበትን ዕቃ አምጣልኝ። አይተነው ደህና ከሆነ ከሁሉም ፊት ቀድሜ እበላዋለሁ። ሠርግህንም እመርቃለሁ።»

ይህንን ስተረጉም ሰዉ ሁሉ ወደ አጣሂር ዞረ። ከእኛ ወገን ሰው «ቀድሜ እበላለሁ» ካለ ቀልድ የለውም። አጣሂር እየሮጠ ገብቶ አንድ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። አንድ ዘመዱ ትልቅ እርሻ ላይ ሰሊጥ የሚበላውን ተባይ የሚረጩበትን ነው የሰጠው፤ «ደዋ ነው» ብሎ፣ እውነቱን። ጽሑፉ ተልጧል። ሥዕሉ ግን አለ፤ የሰው ራስ ቅልና ከሥሩ የተጠላለፈ አጥንት።

«ሥዕሉን አላየኸውም?» አለው አጎቴ በቋንቋችን።

«አይቻለሁ። ጠንካራ ነው ማለት መስሎኝ» አለ አጣሂር።

አንድ ቃል ነው እንግዲህ። የዛፉም ደዋ፣ የኪኒኑም ደዋ፣ የእርሻውም ደዋ። ማንም አልዋሸም፤ አጣሂርም፣ ዘመዱም፣ እኔም። ሁላችንም እውነት እየተናገርን ልንሞት ነበር።

በዚህ መሃል ከጓሮ የልጆች ጩኸት መጣ። የአጎቴ ውሻ ነው። ዓሣው ሲጸዳ የተጣለውን አንጀት በልቶ ነበር። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከአፉ አረፋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማስተርጎም አላስፈለገም። አጎቴ ራሱ ተነስቶ ሦስቱንም ድስት አንድ በአንድ ከእሳት አወረደ። ወደ ወንዙ ሊደፋው ሲል ትርንጎ ከፊቱ ቆመች፤ «ወንዙማ በቃው አባባ፣ ጉድጓድ እንቆፍር» አለችው። ከወንዝ ርቃ፣ ከጉድጓድ ውኃችንም ርቃ፣ ዶማ ተቀብላ ከወንዶቹ ጋር ቆፈረች። ከዚያ ልጆቹን ሁሉ ደርድራ አፋቸውን፣ እጃቸውን አየች፣ በሳሙና አስታጠበች። ሳሙና ላለቀበት ቤት የራሷን ሰጠች።

አጣሂር ከማንጎው ሥር ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። የምትቆጣው መስሎኝ ነበር። «መንጠቆ ስንት አላችሁ?» አለችው።

ያን ከሰዓት መንደሩ በሙሉ ወንዝ ወረደ፤ ከተመረዘው ኩሬ ርቆ ወደ ላይ። ሽማግሌ ሳይቀር መንጠቆ ይዞ ተቀመጠ። እሷም መሃላችን ነበረች፤ አንድ ቆሮሶ ይዛ እንደ ልጅ ጮኸች። ሠርጉ ዓሣ ያነሰው፣ ባሚያ የበዛበት ሆነ። ሙሽራውን «ደዋ» እያሉ ሲቀልዱበት አመሹ፤ እስከ ዛሬም የልጆቹን እናት «የደዋ ሚስት» የሚሏት አሉ። ማንም ግን አልታመመም።

ላይኛው ኩሬ ለብዙ ጊዜ ጸጥ አለ። እንቁራሪት እንኳ አይሰማበትም። ትርንጎ ከመሄዷ በፊት አጎቴን ወደዚያ ወሰደችው፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሁለቱም ቆመው ያንን ዝምታ ሰሙት። ውኃው ጥሩ ነው የሚመስለው፣ ጥርት ብሏል። አጎቴ ሲመለስ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ «ደንገሉ ጋ አጎበርም አይገባም፣ ደዋም አይገባም፣ የዛፉም የሱቁም» አለ። የትርንጎም ሐሳብ ይኸው ነበር፤ መንጠቆው፣ ቅርጫቱ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነው መረብ ይቆይ፣ ሌላው ይቅር። የፈራነው ክልከላ ሲመጣ ከእኛው አፍ ወጣ።

መኪናዋ ልትሄድ ስትል አጎቴ አንድ ቅርጫት ማንጎ ጫነላት። «ያ ኡስታዛ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አላት።

«አንተም ጥሩ ሰው ነህ አባባ» አለችው። ሳትቀልድ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ለእኔ የተረፈኝ ያቺ ጥያቄዋ ናት። ወልጄ ልጆቼ ከፍ ሲሉ እንደ ጸሎት አስጠናኋቸው። ዓሣ ያመጣ ሰው ዘመድ ይሁን ባዳ፣ መጀመሪያ «በምን ተያዘ?» ይባላል። ያልመለሰ ሰው ያመጣው ዓሣ አይበላም።

ይህን እያሰብኩ ነው የዳገቱን ጫፍ የደረስኩት። ከቤቴ ጭስ ይወጣል። ማስጠናት ሌላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የራበው ልጅ ሌላ፤ እኔ ራሴ ጠዋት ረመዳንን ሳልጠይቅ ነው የመረቅሁት። ያ መሬት ላይ የተንቀጠቀጠው ውሻ በዓይኔ መጣ። «ዘይነብ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄ እንደ ድሮው የአስተርጓሚ ድምፅ አልነበረም።

ዘይነብ ማማሰያ እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች። «እማ! ምን ሆንሽ? ልብሱስ?»

«ዓሣው! ዓሣውን ምን አደረግሽው?»

«ምንም። ያውልሽ በሳፋ ከድኜዋለሁ፣ ድንጋይም ጭኜበታለሁ፣ ድመቷ እንዳትገባ። ረመዳንን በምን ተያዘ ስለው ሳቀብኝ። ደግሜ ስጠይቀው፣ ‹ዓሣ ነው ባክሽ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?› ብሎኝ ሄደ። ያልመለሰ ሰው ያመጣው ዓሣ አይበላም አላልሽም? ባሚያ እየሠራሁ ነው።»

ሁለቱ ትንንሾች ከኋላዋ አኩርፈው ቆመዋል። ትንሹ፣ «ሁልጊዜ ባሚያ!» አለኝ። አቅፌው አፉን አሸተትኩት። ስልኬን ከቻርጁ ነቅዬ ለረመዳን እናት ደወልኩላት፤ ልትጠብስ ዘይት እያሞቀች ነበር። ምድጃውን አጠፋች። እሷም ዓሣ የሰጠቻቸው ጎረቤቶች ቤት ስትሮጥ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች። አንድም ሰው አልቀመሰም። ረመዳን ከእርሻ ያገኘውን ደዋ ውኃው ውስጥ መጨመሩን ለእናቱ አምኗል። ማንም ሰው ከወንዙ እንዳይቀዳ ለመንደሩ ተነገረ፤ እኔና ዘይነብም ዓሣውን ከጓሮ ርቀን፣ ጥልቅ አድርገን ቀበርነው። ስቆፍር ቦቲ ያደረጉ እግሮች ከጎኔ የቆሙ መሰለኝ።

አሁን በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጆቼ ባሚያቸውን እያጉረመረሙ በልተዋል። ትርንጎ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ የሆነ ውኃ ዳር ቆማ አንዱን ሰው «በምን ተያዘ?» እያለች ታስቀው ይሆናል። የጠየቀችው የዓሣ ጥያቄ የማታውቃቸውን ልጆች እንዳተረፈ አልሰማችም። ብትሰማ የምትለውን አውቃለሁ፤ «ወፎቹስ?» ነው የምትለው። ወፎቹን ነገ ሄጄ አያለሁ። ዛሬ ግን ቤቴ ደርሻለሁ፤ ልጆቼ ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ነኝ። አልሐምዱሊላህ።